በመስከረም ኬፕ ሜይ ላይ ወፍ ለማየት

ከዋሽንግተን በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ የምትርቀው ኬፕ ሜይ የኒው ጀርዚ ደቡባዊ ጫፍ ናት። የምትሄዱበትን ቀን አስቀድማችሁ አትቁረጡ፤ የአየር ትንበያውን ተከታተሉና ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ሲነፍስ ባደረ ማግስት ውጡ። ሌሊት የሚጓዙትን ትንንሽ ወፎች ይህ ነፋስ ወደ ውቅያኖሱ ይገፋቸዋል፤ ሲነጋ ውሃ ላይ እንዳይቀሩ ወደ የብስ ይመለሳሉ። ጭልፊቶቹም ሰፊውን የደላዌር ባሕረ ሰላጤ ለመሻገር ስለሚያመነቱ ጫፉ ላይ ይሰበሰባሉ። ነፋሱ ከደቡብ ከሆነ ብዙ አትጠብቁ፤ የጭቃ ወፎቹን (በባሕር ዳር ጭቃ ላይ የሚለቅሙትን) ብቻ ለማየት መሄድ ይሻላል።

ፀሐይ ሳትወጣ ሂግቢ ቢች ድረሱ፤ የማለዳው በረራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ሣሩ ውስጥ የላይም በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር ስላለ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ማታም ሰውነታችሁን ፈትሹ።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ኬፕ ሜይ ፖይንት ስቴት ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር መብራት ማማው አጠገብ ያለው የእንጨት መድረክ ላይ ሁኑ። ከ1976 ጀምሮ በየመኸሩ ጭልፊት የሚቆጠረው እዚህ ነው። ሻርፕሺንድና ኩፐርስ የተባሉትን ጭልፊቶች ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ሲንሳፈፉ ጭንቅላታቸውን እዩ፦ የሻርፕሺንድ ከክንፉ መታጠፊያ እምብዛም አያልፍም፤ የኩፐርስ ግን ወደፊት ወጣ ይላል። በመጠን ብቻ አትፍረዱ፣ ሰማይ ላይ መጠን ያታልላል።

የጭቃ ወፎችን የሚወስነው የባሕሩ ሙላት ነው። ውሃው ሲጎድል ጭቃው ላይ ተበትነው ይርቃሉ፤ ሲሞላ ግን እየገፋ ያቀርባቸዋል። ስለዚህ ረግረጋማዋ ነሚ ደሴት ላይ ውሃው ከመሙላቱ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ተገኙ። ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ የትናንቱን ሰዓት ይዞ መሄድ አያዋጣም። ሌላው ስህተት የውቅያኖሱን ዳር የሙላት ሰንጠረዥ ለረግረጉ መጠቀም ነው፤ ውስጥ ያለው ውሃ ዘግይቶ ነው የሚሞላው።

ከትንንሾቹ የጭቃ ወፎች ሁለቱን በእግራቸው ትለያላችሁ፦ ሊስት ሳንድፓይፐር ቢጫ እግር አለው፣ ሰሚፓልሜትድ ሳንድፓይፐር ጥቁር። ነገር ግን ጭቃ የለበሰ ቢጫ እግርም ጥቁር ይመስላል፤ ወፉ ውሃ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ታገሱ።

8 በ42 ባይኖኩላር (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) ለቀኑ ይበቃል። ቴሌስኮፕ ካላችሁ በቀትር ሙቀት ከ30 እጥፍ በላይ አታጉሉ፣ ምስሉ ይርገበገባል። ሌንሱ ላይ ጨው ሲያርፍ በደረቁ ከጠረጋችሁት ይጫራል፤ መጀመሪያ እፍ ብላችሁ አራግፉት፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ።

አሸዋው ላይ ያረፈ መንጋ ስታገኙ ዙሩ እንጂ መሐሉን አትሰንጥቁ። ወፎቹ አንገታቸውን ካሰገጉ ቁሙ፤ ከተነሱ በጣም ቀርባችኋል። ያረፉት ለሚቀጥለው በረራ ጉልበት ለመቆጠብ ነውና፣ በከንቱ ማስነሳት ያን ጉልበት መቀማት ነው።