ከባሕር ዳርቻ ዛጎል ሲለቅሙ

እርጥብ ሳለ እጅ ላይ የሚያበራው ዛጎል፣ ቤት ደርሶ ሲደርቅ የኖራ ቁራጭ ይመስላል። አሸዋ የፋቀው ገጹ ሸካራ ስለሆነ ብርሃን ይበትናል፤ ውሃ ሲነካው ግን ጥቃቅን ጉድጓዶቹ ስለሚሞሉ ቀለሙ ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ ያማረዎትን ዛጎል ባነሱበት ቅጽበት፣ ሳይደርቅ፣ ጊዜ ሰጥተው ይዩት፤ ፎቶግራፍም የሚያነሱት ያን ጊዜ ይሁን።

ለመልቀም ከሚመቹት ስፍራዎች አንዷ በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት የምትገኘው የሳኒቤል ደሴት ናት። በአካባቢው ያሉት ደሴቶች አብዛኞቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲዘረጉ፣ እሷ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለተጋደመች የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞገድ የሚገፋው ዛጎል ዳርቻዋ ላይ ይቀራል። ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት አስቀድመው ይወቁና ውሃው ጨርሶ ከመጉደሉ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይድረሱ። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን ውሃው ይበልጥ ስለሚሸሽ ሰፊ አሸዋ ይገለጣል፤ ከማዕበል ማግስት ያለው ጠዋት ግን ከሁሉም ይሻላል።

ወደ ከረጢት ከመክተትዎ በፊት ዛጎሉን ገልብጠው አፉን ይመርምሩ። ውስጡ ሥጋ ካለ፣ አፉ እንደ ጥፍር ባለ ጠንካራ ክዳን ከተዘጋ ወይም ሸርጣን ከተጠለለበት፣ ቀስ ብለው ወደ ውሃው ይመልሱት። ሳንድ ዶላር የሚባለው ክብ እንስሳም ቡናማ ከሆነና ፀጉር የመሰለው እሾሁ ሲርመሰመስ ከታየ በሕይወት አለ፤ የሞተው ነጭ ነው። በሳኒቤል ሕይወት ያለውን መውሰድ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ እኔ ሕጉ ባይኖርም እንዲሁ እንዲደረግ እለምናለሁ። እናቶቻችን አንቀልባ ላይ የሚሰፉት ዓይነት ዛጎል በሚገኝበት በቀይ ባሕር ደግሞ ሾጣጣውን ዛጎል ፈጽሞ በእጅዎ አይንኩ፤ ውስጡ ያለው ቀንድ አውጣ መርዘኛ ነው።

ባዶውንም ቢሆን ጥቂት ብቻ ይውሰዱ፤ የራሱ ቅርፊት የሌለው ሸርጣን ቤት የሚያደርገው እሱን ነውና።

ቤት ሲደርሱ በንጹሕ ውሃ አንድ ቀን ዘፍዝፈው፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጥበው ጥላ ላይ ያድርቁት። ሎሚና ኮምጣጤ አያስነኩት፤ ዛጎል የተሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ይበላዋል፤ አንዲት የሎሚ ጠብታ እንኳ ስታርፍበት አረፋ እያወጣች ገጹን ታደበዝዘዋለች። በደንብ ከደረቀ በኋላ በጨርቅ ጫፍ ጥቂት ቤቢ ኦይል ቢቀቡት፣ ባሕሩ ዳር ያዩት ቀለም በከፊል ይመለሳል።