የካህናት ስግብግብነት በመካከለኛው ዘመን ድርሰት፦ እንዴት ይነበባል?

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደራስያን የቤተ ክርስቲያን ሹማምንትን ገንዘብ ወዳድነት ደጋግመው ጽፈዋል፤ ሆኖም «ካህናቱ ሌቦች ነበሩ» ብሎ ማለፍ ማንበብ አይደለም። ለጀማሪ የሚበጀው እንግሊዛዊው ጄፍሪ ቾሰር በ1380ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ገደማ ጀምሮ ሳይፈጽመው በ1400 ያረፈበት «የካንተርበሪ ተረኮች» ነው፤ ወደ ካንተርበሪ ለመሳለም የሚሄዱ ተጓዦች በመንገድ ተረት የሚነጋገሩበት ድርሰት ነው።

አስቀድመው ባለሥልጣኑ በሕግ የተሰጠው ሥራ ምን እንደነበረ ይለዩ። ከተጓዦቹ መካከል የስርየት ደብዳቤ ይዞ የሚዞር ሰው አለ። በጊዜው ሥርዓት ኃጢአት የሚሰረየው ተነሣሒው ተጸጽቶ ለካህን ሲናዘዝና ሲፈታ ነው፤ ደብዳቤው የሚያቀለው ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ቅጣት ብቻ ሲሆን፣ የአዟሪው ድርሻም ምጽዋት መሰብሰብ ነበር። ይህን ያላወቀ አንባቢ፣ ሰውየው «እኔ እፈታችኋለሁ» ሲል የቱን ያህል ድንበር እንዳለፈ አይታየውም።

ቀጥሎ ገንዘቡ ከማን እጅ በምን ዘዴ እንደሚወጣ ይከታተሉ፤ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። አዟሪው የትራስ ልብሱን የእመቤታችን መጎናጸፊያ ነው ይላል፤ በብርጭቆ የያዘውንም የአሳማ አጥንት እንደ ቅዱስ ዐፅም ያሳያል። ከዚያም በመስበኪያው ቆሞ፣ ለመናዘዝ የሚያሳፍር ከባድ ኃጢአት የሠራ ሰው ወደ ዐፅሙ ቀርቦ መባ መስጠት እንደማይችል ያውጃል። በመቀመጫው የቀረ ሁሉ በጎረቤቱ ፊት መጋለጡ ነውና ሕዝቡ እንዳለ ይነሣል። በዚህ መንገድ በዓመት 100 ማርክ (የዘመኑ የገንዘብ መለኪያ) እንደሚያገኝ፣ ልጆቿ በረኃብ ቢያልቁ እንኳ ከድኻ መበለት ከመቀበል እንደማይመለስ በገዛ አፉ ይናገራል። የስብከቱ ርእስ ደግሞ ዘወትር «ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነውና» የሚለው የሐዋርያው ጳውሎስ ቃል ነው። ከድርሰቱ ሁሉ ለእኔ እጅግ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ቃሉ እውነት ነው፣ ሰሚዎቹም ከልባቸው ሊመለሱበት ይችላሉ፣ ሰባኪውም ይህን እያወቀ የሚሻው ገንዘባቸውን ብቻ ነው።

የቤተ ክህነት ፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሹን፣ ለጥቂት ወይን ጠጅ ዝሙትን አይቶ እንዳላየ የሚያልፈውን፣ በዚሁ መንገድ ይመርምሩት። ከዚያ ወደ ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ «ሲኦል» 19ኛ ክፍል ቢሻገሩ ክሱ እስከ ሮማ ሊቃነ ጳጳሳት ሲወጣ ያያሉ፤ ኒኮላስ ሣልሳዊ በድንጋይ ጉድጓድ ተዘቅዝቆ፣ እግሩ በእሳት እየተለበለበ፣ በዚያው ጉድጓድ የሚተካውን ቦኒፋስ ስምንተኛን ይጠብቃል። መንፈሳዊ ነገርን በገንዘብ የመግዛትና የመሸጥ ወንጀል «ሲሞኒ» ይባላል፤ ስሙ የመጣው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ከሞከረው ከሲሞን ነው።

እነዚህን ገጸ ባሕርያት ግን የፍርድ ቤት መዝገብ አድርገው አይውሰዷቸው፤ ደራሲው መርጦና አግንኖ የሣላቸው ናቸው። የሚለካቸውም በራሷ በቤተ ክርስቲያን ሚዛን መሆኑን ለማየት፣ በ«የካንተርበሪ ተረኮች» መቅድም ያለውን ድኻ የገጠር ቄስ ከአዟሪው ጎን ያንብቡ፤ አሥራት ያልከፈለን ከማውገዝ ይልቅ ከራሱ ጉድለት ለችግረኞች የሚያካፍል፣ በዝናብና በነጎድጓድ በትሩን ይዞ በእግሩ ሩቅ ያሉትን ምእመናን የሚጎበኝ ሰው ነው።