የማጅራት ገትር ክትባቶችን በጤናማ አዋቂዎች ላይ ሲያነጻጽሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ነው። ግማሹን ተሳታፊ በአንዱ ክትባት፣ ግማሹን በሌላው መከተብ፣ ከ28 ቀን በኋላ ደም መቅዳት፣ የማን ፀረ እንግዳ አካል እንደበለጠ ማየት። ብዙውን ጊዜ ጥናቱ የሚበላሸው ትንተናው ሳይጀመር ነው፤ ተሳታፊ ሲመረጥ፣ ደም ሲቀዳ ወይም ሴረም (ከረጋው ደም የሚለየው ፈሳሽ) ሲመረመር።

ከሁለት ጽሑፍ ሁለት ቁጥር ወስዶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ

ይህ ስህተት በየመመረቂያ ጽሑፉ ይመላለሳል። በግራ የአንዱ ክትባት ቲተር (የፀረ እንግዳ አካሉን አቅም የሚያሳየው ቁጥር)፣ በቀኝ የሌላው፣ ከሥር “የኋለኛው የላቀ ምላሽ ሰጥቷል” የሚል ዓረፍተ ነገር። በቁና የተሰፈረን ጤፍ በኪሎ ከተመዘነው ጋር እንደማወዳደር ነው።

ዋናው መለኪያ ሴረሙ ባክቴሪያውን መግደል መቻሉን የሚያየው ምርመራ፣ ኤስቢኤ ነው። ሴረሙ በእጥፍ በእጥፍ እየቀጠነ ይሄዳል፤ በ60 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ ግማሹን ባክቴሪያ የገደለው የመጨረሻው የቀጠነ ደረጃ ቲተር ይባላል። ፀረ እንግዳ አካሉ ለመግደል ኮምፕልመንት (ባክቴሪያን ለመግደል የሚያግዙ የደም ፕሮቲኖች) ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ ከሰው ወይም ከጥንቸል ግልገል ሴረም ይመጣል። ያው ሴረም በጥንቸል ኮምፕልመንት ሲለካ ቲተሩ ከፍ ብሎ ይወጣል። ሜኒንጎኮከስ፣ ማለትም የማጅራት ገትር ባክቴሪያው፣ የሰውን ፋክተር ኤች (ኮምፕልመንትን የሚገታ የደም ፕሮቲን) በላዩ ላይ ለጥፎ ከኮምፕልመንት ይከላከላል፤ የጥንቸሉን ግን በደንብ መያዝ አይችልም። ስለዚህ በጥንቸል ኮምፕልመንት ፊት በቀላሉ ይሞታል።

ሰው ተጠብቋል የሚባልበት መስፈርትም ይለያያል። በሰው ኮምፕልመንት 1:4 የሚለው ወሰን በ1969 እ.ኤ.አ. ከታተሙ በአሜሪካ ወታደር ምልምሎች ላይ ከተደረጉ ጥናቶች የመጣ ነው። በጥንቸል ኮምፕልመንት የተለመደው 1:8 ነው። አንዳንድ ጥናቶች ደግሞ ጠንቀቅ ብለው በሰው ኮምፕልመንትም 1:8ን ይጠቀማሉ። “95 በመቶ ተጠብቀዋል” የሚል ቁጥር ስታዩ በየትኛው ኮምፕልመንትና በየትኛው ወሰን እንደሆነ ካልተጻፈ ቁጥሩን አትጠቀሙበት።

ኮምፕልመንቱ አንድ ቢሆንም የሚመረመርበት ባክቴሪያ ይለያል። ለሴሮግሩፕ ኤ (ባክቴሪያው በሽፋኑ ስኳር ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ደብልዩ፣ ዋይ፣ ኤክስ እየተባለ ይከፈላል) አንዱ ላብራቶሪ ኤፍ8238 የተባለውን ባክቴሪያ፣ ሌላው 3125ን ይጠቀማል፤ ውጤታቸው አይገጥምም። በሴሮግሩፕ ቢ ችግሩ ይብሳል። ከቢ ክትባቶች አንዱ የሆነው ቤክሴሮ የሚፈተነው በውስጡ ያሉትን አራት አንቲጂኖች አንድ በአንድ ለማሳየት በተመረጡ ባክቴሪያዎች ነው፤ ሌላው የቢ ክትባት ትሩመንባ ደግሞ የተለያየ የፋክተር ኤች አሳሪ ፕሮቲን ባላቸው በሌሎች አራት። የአንዱን መቶኛ ከሌላው መቶኛ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም። የጥንቸል ኮምፕልመንት ለቢ ክትባቶች የማይመረጠውም በዚሁ በፋክተር ኤች ምክንያት ነው።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፤ ግን ሌላ የለም። የሁሉም ሴረም በአንድ ላብራቶሪ፣ በአንድ ኮምፕልመንት ባች፣ በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይመርመር። የአንድ ሰው ከክትባት በፊትና በኋላ ያለው ናሙና በአንድ ቀን፣ በአንድ ፕሌት (ብዙ ትንንሽ ጉድጓድ ባለው የመመርመሪያ ሰሌዳ) ላይ ይሁን። ባለሙያው የትኛው ክትባት እንደተሰጠ አይወቅ። ቲተሩ የታወቀ መቆጣጠሪያ ሴረም በእያንዳንዱ ዙር ይግባ። ምርመራው በእጥፍ ስለሚሄድ የ64 እና የ128 ልዩነት የአንድ ጉድጓድ ልዩነት ብቻ እንደሆነ አትርሱ፤ አንድ ሴረም ሁለቴ ቢመረመር እንኳ ያን ያህል ሊወላወል ይችላል።

ተሳታፊው ከዚህ በፊት ምን እንደተከተበ አለመመዝገብ

ኢትዮጵያ ውስጥ “ጤናማ አዋቂ” ብላችሁ የምትመዘግቡት ሰው ባዶ ሰሌዳ አይደለም። ከ1 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት የሴሮግሩፕ ኤ ክትባቱ ሜንአፍሪቫክ ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ተሰጥቷል። ዛሬ 35 ዓመት የሆነው ሰው በዘመቻው ዕድሜ ውስጥ ነበር። ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሄደ ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያ በምትጠይቀው መሠረት አራቱን ሴሮግሩፖች (ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩና ዋይ) የሚሸፍን ክትባት ወስዷል፤ ምናልባትም ከአንድ ጊዜ በላይ። ስኳሩ ከፕሮቲን ጋር ከተጣመረበት ዓይነት ይልቅ ተራውን ፖሊሳካራይድ (የባክቴሪያውን ሽፋን ስኳር ብቻ የያዘውን) ደጋግሞ የወሰደ ሰው ለቀጣዩ ዶዝ፣ በተለይ ለሲ፣ ደካማ ምላሽ ሊሰጥ ይችላል። ጥፋቱ የአዲሱ ክትባት ይመስላል።

ተሸካሚው ፕሮቲንም አለ። ሜንአፍሪቫክ፣ ኒሜንሪክስና ሜንኳድፊ ስኳሩን ከቴታነስ ቶክሶይድ ጋር ያጣምራሉ፤ ሜናክትራ ከዲፍቴሪያ ቶክሶይድ፣ ሜንቬዮ ከሲአርኤም197 (መርዝነቱ ከጠፋ የዲፍቴሪያ ፕሮቲን)። አዲሱ ባለ አምስት ክትባት ሜንፋይቭ ሴሮግሩፕ ኤንና ኤክስን ከቴታነስ፣ ሲን፣ ደብልዩንና ዋይን ከሲአርኤም197 ጋር ያያይዛል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የቴታነስ ክትባት ደጋግመው ስለሚወስዱ አንዱ ቡድን ውስጥ ሴት ከበዛ የምታነጻጽሩት ክትባቱን ይሁን የቴታነሱን ታሪክ መለየት ያቅታችኋል። ዕጣ ማውጣት ትልቅ ጥናት ውስጥ ይህን ያስተካክላል። በ40 ሰው ጥናት ውስጥ ግን በጾታና በቀድሞ ክትባት ከፋፍላችሁ ዕጣ አውጡ።

ካርዱን ስታነቡ የዘመን አቆጣጠሩን እዩ። ካርዱ ላይ 2006 ካለ አብዛኛውን ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ማለትም 2013 ወይም 2014 እ.ኤ.አ.። በዳታቤዙ ውስጥ እንዳለ ከገባ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛባል። ቅጹ ላይ ለሁለቱም አቆጣጠር ቦታ ይኑር።

በ28ኛው ቀን ማቆም

በአዋቂ ሰው ከአንድ ወር በኋላ ተራው ፖሊሳካራይድ ከተጣመረው ክትባት እኩል፣ አንዳንዴም የበለጠ ቲተር ይሰጣል። በዚህ ተነሥቶ “ልዩነት የላቸውም” ማለት ትልቅ ስህተት ነው። የተጣመረው ክትባት የቲ ሴል እገዛ ስላለው የማስታወሻ ቢ ሴሎችን ይፈጥራል፤ ዳግም ሲከተቡት ያጠናክራል። ይህ በ28ኛው ቀን ሴረም ላይ አይታይም። በደም ውስጥ የሚዘዋወሩትን ፀረ እንግዳ አካል አምራች ሴሎች ማየት ከፈለጋችሁ በ7ኛው ቀን ገደማ ቅዱ፤ ካለፈ አታገኟቸውም። ምላሹ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ለማወቅ ደግሞ ቢያንስ የ6 ወርና የ1 ዓመት ናሙና ያስፈልጋል።

የአንቲባዮቲክ ጥያቄ

ተሳታፊው ደም በሚሰጥበት ዕለት ከመድኃኒት ቤት የገዛውን አሞክሳሲሊን ውጦ ከሆነ ሴረሙ ባክቴሪያውን ሊገድል ይችላል፤ የሚገድለው ግን መድኃኒቱ ነው። 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ የሰውየውን ኮምፕልመንት ያጠፋል እንጂ አንቲባዮቲኩን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አያስወግድም። ምልክቱ ከክትባት በፊት የተቀዳ ናሙና ያለምክንያት ከፍ ማለቱ፣ ወይም ኮምፕልመንት ባልተጨመረበት መቆጣጠሪያ ጉድጓድ ውስጥ ባክቴሪያው መሞቱ ነው። በእያንዳንዱ የደም ቀን ጠይቁ፤ የመድኃኒቱን ስም ካላወቀ ማሸጊያውን ያምጣ። ወስዶ ከሆነ ቀጠሮውን አስተላልፉ።

ኢዲቲኤ ቱቦ

ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ ቱቦው ውስጥ የሚጨመረው ኬሚካል) ካልሲየምንና ማግኒዥየምን አስሮ ኮምፕልመንቱን ስለሚያቆም ለኤስቢኤ አይሆንም፤ ሴረም ቱቦ ብቻ።

ክትባት ክፍሉን መርሳት

አንዱ ክትባት ፈሳሽ፣ ሌላው በፈሳሽ የሚበጠበጥ ዱቄት ከሆነ የሚከትበው ነርስ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። እሱ መከተብ ብቻ ይሥራ፤ የጎንዮሽ ምልክት የሚመዘግበው ሌላ ሰው ይሁን። ተራው ፖሊሳካራይድ ከቆዳ ሥር፣ የተጣመረው ጡንቻ ላይ ሲሰጥ ደግሞ ተሳታፊውም ሊጠረጥር ይችላል።

ባለ ሁለት ብልቃጡ ሜንቬዮ የራሱ ወጥመድ አለው። ኤ ዱቄቱ ውስጥ ነው፤ ሲ፣ ደብልዩና ዋይ ፈሳሹ ውስጥ። ዱቄቱን ሳይበጠብጥ ፈሳሹን ብቻ የሰጠ ሰው ለተሳታፊው ኤን አልሰጠውም። ሦስቱ ጥሩ ምላሽ አሳይተው ኤ ብቻ የጠፋበት ተሳታፊ ካገኛችሁ ላብራቶሪውን ከመውቀሳችሁ በፊት የብልቃጥ መዝገቡን ክፈቱ።

አማካዩን በተራ ስሌት ማውጣት

የአምስት ሰዎች ቲተር 4፣ 8፣ 16፣ 32 እና 1024 ቢሆን ተራው አማካይ 217 ገደማ ነው፤ ከአምስቱ አንዱም ወደዚያ አይቀርብም። ጂኦሜትሪክ አማካዩ 28 ገደማ ነው። ሎግ ውሰዱ፣ ከመለኪያው ወሰን በታች ላለው የወሰኑን ግማሽ ስጡ፣ ይህንንም ጻፉ።

አራት እጥፍ ጭማሪን ብቻ መቁጠርም ያሳስታል። ከ1:128 ተነሥቶ 1:256 የደረሰው ሰው “ምላሽ አልሰጠም” ተብሎ ይመዘገባል፤ ሲጀመርም የተጠበቀ ነበር። ሁለቱንም፣ ጭማሪውንና ከወሰኑ በላይ ያሉትን፣ አቅርቡ። የፒ ዋጋው ከ0.05 በላይ ስለሆነ ብቻ “እኩል ናቸው” አትበሉ። አዲሱ እንደማያንስ ለማሳየት ወሰኑ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ለምሳሌ የአማካዮቹ ጥምርታ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል የታችኛው ጫፍ ከ0.5 በላይ፣ የመቶኛ ልዩነቱ ደግሞ ከ−10 በላይ።

ማነጻጸሪያው ክትባት ውስጥ የሌለ ሴሮግሩፕ ካለስ? በማሊና በጋምቢያ ሜንፋይቭ ከሜናክትራ ጋር ሲነጻጸር ሜናክትራ ኤክስ ስለሌለው የኤክስ ምላሽ የተለካው ከሜናክትራ አራቱ ዝቅተኛ ከሆነው ጋር ነበር። እንዲህ ያለው ውሳኔ በፕሮቶኮሉ ላይ ይጻፋል፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ አይመረጥም።

ሁሉንም ሴረም በአንድ ቱቦ ማቀዝቀዝ

እያንዳንዱ ምርመራ ማቅለጥና መልሶ ማቀዝቀዝ ይጠይቃል፤ ይህ ሲደጋገም ሴረሙን ሊጎዳው ይችላል። የእያንዳንዱን ሰው ሴረም በቀዳችሁበት ቀን በ0.5 ሚሊ ሊትር ከፋፍላችሁ −80 ላይ አስቀምጡ፤ አንዱን ቱቦ ለኤስቢኤ፣ አንዱን ለኢላይዛ (የፀረ እንግዳ አካሉን መጠን ለሚለካው ምርመራ)፣ ቀሪውን ለድጋሚ ምርመራ።