ከስር ለሚያለቅስ ፎር ዊል መኪና፦ ደንገጎ ላይ አዳምጡት

በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ከስር «ውውው» ማለት ሲጀምር፣ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን የማርሽ ሳጥን) ከማስፈታታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ድሬዳዋ መሀል ከተማ ላይ አትድከሙ፤ በባጃጅ ጡሩምባ መሀል ምንም አይሰማም።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው የደንገጎ ዳገት ስትወጡ ሬዲዮውን ዝጉ፣ መስኮቱን አውርዱ። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ስትሰጡ የሚያለቅስ፣ ስትመለሱ ደግሞ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዛችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ የሚጠፋ ወይም ቃናው የሚቀየር ከሆነ፣ ዲፈረንሻሉን ጠርጥሩ። የዲፈረንሻሉ ማርሽ ጥርሶች ስትወጡ በአንዱ ፊታቸው ይገፋሉ፣ ስትወርዱ በሌላኛው። የተበላው ፊት ነው የሚጮኸው።

ነዳጅ ሰጣችሁም አልሰጣችሁም ያው ነው? እንግዲያው ወይ ኩሽኔታ (ጎማው ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት) ነው ወይ ጎማ። ይህን የሚለየው ኩርባው ነው። ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ይጫናል፤ ያኔ ድምፁ ከጨመረ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የቀኝ ኩሽኔታ ነው። ወደ ቀኝ ሲሆን ተገላቢጦሹ። ኩርባው ምንም ካልቀየረው፣ ግን አስፋልቱ ሲለሰልስና ሲሻክር ድምፁ አብሮ ከተለዋወጠ፣ ጎማችሁን በእጅ ዳብሱት። ብዙ ጊዜ ወጣ ገባ ሆኖ ተበልቶ ታገኙታላችሁ።

መሪ ሙሉ በሙሉ ጠምዝዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስትዞሩ «ቀጭ ቀጭ» ካለ የፊት ሴሚያክስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) መጋጠሚያ ነው፤ ደንገጎ ድረስ መሄድም አያስፈልግም።

ሁለት ነገር ግን እንዳታደርጉ። ቁልቁለቱን በፎሌ (ማርሽ አውጥታችሁ) አትውረዱ። ደግሞም አንድ ጎማ ብቻ በክሪክ አንስታችሁ ማርሽ አታስገቡ፤ መሬት የነኩት ጎማዎች ይገፉና መኪናው ከክሪኩ ዘሎ ሊወርድ ይችላል።