በፊሊፒንስ የመጻሕፍት ፌስቲቫል ላይ ለመገኘት፦ ቀን ከመያዝ እስከ ፊርማ ሰልፍ

በፊሊፒንስ ለመጽሐፍ ወዳጅ የሚሆን ዝግጅት ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። የሚያስቸግረው መምረጡና ቀኑን በትክክል መያዙ ነው። አንዳንዱ ወሩ በአዋጅ የተቆረጠለት ነው፤ አንዳንዱ በየዓመቱ ወሩንም አዳራሹንም ይለውጣል፤ ትንንሾቹ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ነው ወሬያቸው የሚሰማው። ከዚህ በታች ያሉት ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ ማስታወቂያው ላይ 10:00 ብሎ ካዩ እኛ ጠዋት 4 ሰዓት የምንለው መሆኑን አይርሱ።

ቀኑን መያዝ

ከማይነቃነቁት ይጀምሩ። ኤፕሪል የብሔራዊ ሥነ ጽሑፍ ወር ነው፤ በ2015 በአዋጅ ቁጥር 968 ተደንግጓል። ገጣሚው ፍራንሲስኮ ባላግታስም የተወለደው ኤፕሪል 2 ቀን 1788 ነው። የጁላይ ሦስተኛው ማክሰኞ የሕፃናት መጽሐፍ ቀን ሆኖ ይከበራል፤ የፊሊፒንሱ ደራሲ ሆሴ ሪዛል የጦጣና የኤሊን ተረት በጁላይ 1889 ለንደን ላይ ያሳተመበት መታሰቢያ ነው። ኦገስት የብሔራዊ ቋንቋ ወር ነው፤ ኖቬምበር ደግሞ በትምህርት ቤቶች የንባብ ወር። በእነዚህ ወሮች ዩኒቨርሲቲዎችና ቤተ መጻሕፍት የግጥም ንባብና የደራሲ ንግግር በብዛት ያዘጋጃሉ፤ አብዛኛው መግቢያው በነፃ ነው።

ከትልልቆቹ መካከል የማኒላ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር ከማኒላ አጠገብ ባለችው ፓሳይ ከተማ፣ በሞል ኦፍ ኤዥያ የገበያ ማዕከል አጠገብ ባለው ኤስኤምኤክስ አዳራሽ ይካሄዳል። የፊሊፒንስ መጻሕፍት ፌስቲቫል ግን ተቅበዝባዥ ነው። የአገሪቱ የመጻሕፍት ልማት ቦርድ በ2023 ሲጀምረው በጁን ፓሳይ፣ በኦገስት ዳቫዎ ነበር። በ2024 ወደ ኤፕሪል መጣ። በ2025 ደግሞ በማርች ወደ ኤስኤም ሜጋሞል የገበያ ማዕከል ተዛወረ። ባለፈው ዓመት ወር ተማምኖ የአውሮፕላን ትኬት የቆረጠ ሰው ባዶ አዳራሽ ነው የሚጠብቀው።

አሠራሩ ይህ ነው፦ በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ወሩን ብቻ ይጻፉ። ሦስት ወር ሲቀረው የአዘጋጁን የራሱን ገጽ ይመልከቱ። ቀኑና አዳራሹ ሁለቱም በአዘጋጁ ስም ሳይወጡ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬትም ሆነ ሆቴል አይያዙ። የድሮ ፖስተር ዓመቱ ሳይጻፍበት በፌስቡክ እንደገና መዞሩ የተለመደ ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ፖስተሩ ላይ ያለው ዕለትና ቀን በዘንድሮ አቆጣጠር ይገጥማሉ? «ቅዳሜ 14» የሚለው ዘንድሮ እሑድ ከዋለ ፖስተሩ የዘንድሮ አይደለም።

የትኛው ለማን

በሴፕቴምበሩ ዐውደ ርዕይ ሁሉም ነገር አለ፤ ከውጭ የገቡ ልብ ወለዶች፣ የትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ መንፈሳዊ መጻሕፍት፣ የአገር ውስጥ ሥነ ጽሑፍ። የፊሊፒንስ መጻሕፍት ፌስቲቫል የሚያቀርበው የአገሬውን ብቻ ነው፤ የሕፃናት መጻሕፍት፣ ኮሚክስ፣ ሥነ ጽሑፍና የትምህርት መጻሕፍት እያለ በአራት ክፍል ይመድበዋል። አንድ ጉዞ ብቻ የሚችል ሰው ወደዚህኛው ይሂድ። ምክንያቱም የእንግሊዝኛውን ልብ ወለድ የትም ያገኙታል፤ በሴብዋኖ፣ በሂሊጋይኖን፣ በኢሎካኖ ወይም በቢኮል የተጻፈ መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚታተመው በ1,000 ቅጂ አካባቢ ነው፤ ሲያልቅም ሁለተኛ እትም ላይኖረው ይችላል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጅዎ ላይ ከገባ «ነገ እመለሳለሁ» አይበሉ።

ኮሚክስ ለሚወድ ከ2005 ጀምሮ የሚካሄደው ኮሚኮን አለ። በራሳቸው ገንዘብ በፎቶኮፒና በስፌት ሽቦ የሚያሳትሙ ደራስያን ደግሞ ቢኤልቲኤክስ በሚባለው የትንንሽ አሳታሚዎች ገበያ ይገናኛሉ። ከማኒላ ውጭ ያለውን ማየት የሚፈልግ ዱማጌቴን ያስብ። የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ የጸሐፊዎች ዓውደ ጥናት ከ1962 ጀምሮ እዚያ ስለሚካሄድ ከተማዋ ጽሑፍን ለምዳዋለች።

የዕለቱ ዝግጅት

ዕለቱን ሲመርጡ የሚያጋጥመው ምርጫ እንዲህ ነው። ሐሙስና ዓርብ ጠዋት መደርደሪያው ሙሉ ነው፤ በሌላ በኩል በአውቶቡስ የመጡ ተማሪዎች የሕፃናቱን ክፍል ይሞሉታል። ቅዳሜና እሑድ ሰው ከሰው ይጋፋል፤ ታዋቂዎቹ ደራስያን የሚፈርሙት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ሁለት ቀን ካለዎት በአዘቦቱ ይግዙ፤ ቅዳሜ አንድ ሁለት መጽሐፍ ብቻ ይዘው ለፊርማ ይመለሱ።

ወደ ኤስኤምኤክስ ለመሄድ በኤምአርቲ 3 ባቡር እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ እስከ ታፍት አቬኑ ይጓዙና ወደ ሞል ኦፍ ኤዥያ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጂፕኒ (ሚኒባስ መሰል የሕዝብ ማመላለሻ) ይያዙ። ለሜጋሞል ከዚሁ ባቡር የሚወርዱት ኦርቲጋስ ነው። ጂፕኒ ውስጥ ሒሳቡ ከተሳፋሪ ወደ ተሳፋሪ እየተቀባበለ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል፤ ሲያቀብሉ «ባያድ ፖ» (ሒሳብ ይኸው) ይበሉ። ሳንቲም ያዘጋጁ።

ገንዘብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በትልልቆቹ ድንኳኖች በካርድና እንደ ጂካሽ ባሉ የስልክ ቦርሳዎች ይከፈላል። አዳራሹ በሰው ሲሞላ ግን ኔትወርኩ ይደክማል፤ ክፍያው ሲዞር ሲዞር ከኋላዎ ያለው ሰልፍ ይረዝማል። ስለዚህ ለመግቢያ ተመዝግበው ከሆነ የተሰጠዎትን ኪውአር ኮድ ቤት ሳሉ ስክሪን ሾት አድርገው ያስቀምጡ፤ ጥሬ ገንዘብም ይያዙ። 1,500 ፔሶ ከያዙ ቢያንስ 500ው በባለ 20፣ በባለ 50 እና በባለ 100 ይሁን። አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ቅጠል የምታህል መጽሔቷን የምትሸጥ ልጅ ጠዋት ላይ ለ1,000 ፔሶ መልስ የላትም፤ መልስ ፍለጋ ስትሄድም ሻጭ አልባ የሚቀረው ያ ጠረጴዛ ነው። በዋጋ መከራከር በእነዚህ ቦታዎች አልተለመደም። ሻጩን «ኩያ» (ወንድሜ)፣ ሻጯን «አቴ» (እህቴ) ብሎ መጥራት፣ ዋጋ ሲጠይቁም «ማግካኖ ፖ?» ማለት ፊት ያስፈታል፤ ይህች «ፖ» አክብሮት የተቋጠረባት ቃል ናት።

ከጁን እስከ ኖቬምበር ዝናብ ነው፤ ሴፕቴምበር ላይ ታይፉን የሚባለው ኃይለኛ ማዕበል ሊነሳ ይችላል። ጃንጥላ የሚያድነው ራስን ነው፤ መጽሐፍ የሚረጥበው ከቦርሳው ሥር በኩል ነውና ሁለት ትልልቅ ፌስታል ይያዙ። አንዱን ቦርሳው ውስጥ ያንጥፉት፣ ሌላው የተገዛውን ይጠቅልል። 300 ገጽ ያለው ለስላሳ ሽፋን መጽሐፍ ከ300 እስከ 400 ግራም ይመዝናል፤ አሥሩ ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል፤ ስለዚህ በአንድ ትከሻ ከሚንጠለጠል ይልቅ የጀርባ ቦርሳ ይሻላል። ማዕበል ካስጠነቀቁ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት የአዘጋጁን ገጽ እንደገና ይዩ።

የፊርማ ሰልፍ

አዘጋጆቹ ብዙ ጊዜ የሰልፍ ቁጥር ያድላሉ፤ ቁጥሩ የሚያልቀው ደራሲው ገና ሳይመጣ ነው። ስለዚህ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ መሄድ ያለብዎት ወደ አሳታሚው ድንኳን ነው። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ቁጥሩ የሚሰጠው የት ነው፣ መጽሐፉ የግድ ከእነሱ መገዛት አለበት ወይ፣ አንድ ሰው ስንት ቅጂ ማስፈረም ይችላል። ደረሰኙን አይጣሉት፤ ማየት የሚፈልጉ አሉ።

ሰልፍ ላይ ሳሉ ስምዎን በላቲን ፊደል በጉልህ ጽፈው በተለጣፊ ወረቀት የርዕስ ገጹ ላይ ይለጥፉት። ጫጫታ ውስጥ ስም ፊደል በፊደል ማስጻፍ የተበላሸ ፊርማ ያመጣል፤ የእኛ ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከዚያ እስክሪብቶው። ተራ ወረቀት ላይ ጄል እስክሪብቶ ጥሩ ነው። የሕፃናት ሥዕል መጽሐፍ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ቀለሙ አይሰርግም፤ ወዲያው ከዘጉት ፊርማው በተቃራኒው ገጽ ላይ ይታተማል። ለእሱ ቀጭን የማይለቅ ማርከር ይያዙ፤ ከተፈረመ በኋላም መጽሐፉን ክፍት አድርገው አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያም በመካከል ሶፍት አስገብተው ይዝጉት።

ትንንሾቹ የአንባቢያን ስብሰባዎች

ዐውደ ርዕይ የመግዣ ቦታ ነው። ስለ መጽሐፍ ወግ የሚገኘው ስምንትና አሥር ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ነው። ማኒላ ውስጥ ኤርሚታ ሰፈር፣ ፓድሬ ፋውራ መንገድ ላይ ደራሲ ኤፍ. ሲዮኒል ሆሴ በ1965 የከፈተው የሶሊዳሪዳድ መጻሕፍት መደብር አለ፤ ባጊዮ ውስጥ ደግሞ ማውንት ክላውድ። እንዲህ ያሉ መደብሮችን ገጽ መከታተል ማንኛውንም ትልቅ ማስታወቂያ ከመጠበቅ ይሻላል።

ራስዎ ማዘጋጀት ከፈለጉ ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ሲያወራ ሌላው ስልኩን ይነካካል። ቀኑ ከመታወጁ በፊት መጽሐፉ ገበያ ላይ ቢያንስ ለዚያ ያህል ሰው የሚበቃ ቅጂ እንዳለው ሻጩን ይጠይቁ፤ ስብሰባ የሚያፈርሰው ዋናው ምክንያት ግማሹ ሰው መጽሐፉን አለማግኘቱ ነው። ካልተገኘ አጭር ልብ ወለድ ይምረጡ። ለማንበቢያ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይስጡ። ካፌ ከሆነ ባለቤቱን አስቀድመው ያነጋግሩ፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ማዘዝ እንዳለበትም ለተጋባዦቹ ይንገሩ። ጊዜው 90 ደቂቃ ይሁን።

ከመቶ በላይ ቋንቋ ባለበት አገር አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ሰዎች አፍ መፍቻቸው ሊለያይ ይችላል። መጽሐፉ በሴብዋኖ ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ሰው አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌሎቹ ሳይገባቸውም ዜማውን ይስሙት፤ ትርጉሙ ከዚያ ይከተላል። ከትርጉሙ መጀመር ያ ዜማ ሳይሰማ እንዲቀር ያደርጋል። የሚጠየቀው ጥያቄም «ወደዳችሁት?» አይሁን፤ መልሱ አንድ ቃል ነውና። «የትኛው ገጽ ላይ አቆማችሁ? ለምን?» ብለው ይጀምሩ፤ ያልጨረሰውም ሰው የሚለው ይኖረዋል።

የሚቀጥለው መጽሐፍና ቀን ሰው ከመቀመጫው ሳይነሳ ይቆረጥ። ያኔውኑ ማታ ለሁሉም በመልእክት ይላኩት።