የቦክስ ፎቶ ከሪንግ ዳር፦ ምን ሲበላሽ ምን ይደረግ?

የአዳራሽ መብራት ለዓይን ደማቅ ይመስላል። ለካሜራ ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ከታች ካሉት ጣጣዎች የሚበዙትም መነሻቸው እሱ ነው።

ፊቱ ጥርት ብሏል፣ ጓንቱ ግን ጭስ መስሏል

ሹተሩ (ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋው ክፍል) ቀርፋፋ ነው። 1/250 ሰከንድ ቆሞ ለሚያወራ ሰው ይበቃል፣ ለቡጢ ግን ቀልድ ነው። ከ1/1000 ጀምሩ፤ ጨለማው አላስኬድ ካለ እስከ 1/640 ውረዱ። አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ክፈቱና የጎደለውን አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ይሙላው። 3200 ወይም 6400 ስታዩ አትደንግጡ፤ ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚበተነው ነጠብጣብ) ኋላ በኤዲቲንግ ይቀንሳል፣ ብዥ ያለ ቡጢን ግን ማንም አያድነውም። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ዙም ሲደረግ ኤፍ 5.6 ላይ የሚቆም ከሆነ ብዙ አትታገሉት፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ነው ቀዳዳው የሚሰፋው። ኤፍ 1.8 የሆነ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ከእሱ አስር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፣ ከሪንግ ዳር ደግሞ ርቀቱም ይመቻል።

አንዱ ፎቶ ነጭ፣ ቀጣዩ ጥቁር

ይሄ ሁለት ምክንያት አለው፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያምታቱታል። አንደኛው አውቶ ነው፤ ብርሃኑን ካሜራው ራሱ ሲመጥን ማለት ነው። ከተፋላሚዎቹ ጀርባ ጨለማው የተመልካች ቦታ ሲገባ ካሜራው ሁሉም ነገር ጨልሟል ብሎ ፊታቸውን ያነጣዋል፣ ነጩ የሪንግ ወለል ሲበዛ ደግሞ ያጠቁራቸዋል። ማኑዋል አድርጉት፤ ብርሃኑን እናንተው መጥኑ። ግጥሚያው እየተካሄደ የሪንጉ መብራት እምብዛም ስለማይቀያየር በመክፈቻው ግጥሚያ ፊታቸውን እያያችሁ አንዴ ካስተካከላችሁ አለቀ። ላብ ያረፈበት ግንባር ብቻ ትንሽ ቢነጣ ችግር የለውም።

ማኑዋል ሆኖም ከቀጠለ፣ ወይም ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ከመጣ፣ ጥፋቱ የመብራቱ ነው። 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ባለበት አገር ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ፣ 60 ኸርዝ ባለበት 120 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይን አያየውም፣ 1/1000 ሹተር ግን አንዷን ቅጽበት ነጥሎ ስለሚወስድ ድርግም ስትል ላይ ሊገጥም ይችላል። ካሜራችሁ ሜኑ ውስጥ ፀረ-ፍሊከር ካለው አብሩት፤ መብራቱ የሚደምቅበትን ቅጽበት ጠብቆ ነው የሚያነሳው። ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር ደግሞ ተዉት። ብዙ ጊዜ መስመሩን ያባብሰዋል፣ በዛ ላይ ሲወነጨፍ የተነሳ ክንድ ሙዝ መስሎ ይጎብጣል።

ገመዱ ጥርት፣ ሰዎቹ ብዥ

አውቶ ፎከስ ቅርብ ያለውን ነገር ይወዳል፣ ለእናንተ ቅርቡ ደግሞ ገመዱ ነው። የፎከሱን ቦታ ወደ አንዲት ትንሽ ነጥብ አጥብቡት። ተከታታይ ፎከስ ላይም ይሁን፤ ኒኮንና ሶኒ ኤኤፍ-ሲ፣ ካኖን ሰርቮ ይሉታል። ሌንሱ በሁለት ገመዶች መካከል ይይ። ፊት ፈላጊው ጥሩ ነው፣ ግን የዳኛውን ፊት ይዞ ሙጭጭ ሲል ታገኙታላችሁ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ተፋላሚዎቹ ወደ እናንተ ጥግ ሲመጡ ካሜራውን ወደ ኋላ ሳቡት። ገመድ ይለጠጣል፤ የሰውየው ጀርባ ሌንሱን ሲገፋው ካሜራው ቅንድባችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሁሌ ቡጢው ካለፈ በኋላ ነው የማነሳው

ቡጢውን በቪውፋይንደር (በካሜራው መመልከቻ) ካያችሁት አምልጧችኋል። በተከታታይ መተኮስ ብቻውን አይፈታውም፤ በሰከንድ 10 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ በሁለቱ መካከል 1/10 ሰከንድ ይዘላል፣ ጓንት ፊት ላይ አርፎ ለመላቀቅ ያን ያህል አይፈጅበትም። ስለዚህ እጁን ትታችሁ ትከሻውንና የፊት እግሩን እዩ። እያንዳንዱ ቦክሰኛ ልማድ አለው፦ አንዱ በግራው ሁለቴ ነካ ነካ ካላደረገ ቀኙን አይልክም፣ ሌላው ከመምታቱ በፊት ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል። የመጀመሪያውን ዙር ይህን ለማጥናት አውሉትና ከዚያ ትከሻው ሲነሳ ተጫኑ። ብዙ ባዶ ፎቶ ይወጣል፣ ይውጣ።

ግጥሚያው ጦፎ ባለበት ሰዓት ካሜራው ደረቀ

ባፈሩ (ፎቶዎች ካርዱ ላይ እስኪጻፉ የሚቆዩበት ጊዜያዊ ቦታ) ሞልቷል። ራው (ትልቁን ጥሬ ፋይል) እያነሳችሁ ጣታችሁን ካላነሳችሁ፣ ሜሞሪ ካርዱም ቀርፋፋ ከሆነ፣ የማይቀር ነው። ሦስት አራት ፎቶ እየቆረጣችሁ አንሱ፤ በዙሮች መካከል ያለችው 1 ደቂቃ ካርዱ ጽፎ እንዲጨርስ ትበቃለች።

በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ብዥታ ካለ የላብ ወይም የውሃ ጠብታ ሌንሱ ላይ አርፏል። ለስላሳ የሌንስ ጨርቅ ኪስ ውስጥ ይኑር፤ በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ላቡን መቀባት ነው።