የኦፕን ሶርስ ቡድን ልትጀምሩ ነው? እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ማንም ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል ሶፍትዌር ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ሊኑክስ የሚባለውን ኦፕን ሶርስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የጫኑና ኮድ መጻፍ የሚወዱ አምስት ስድስት ልጆችን ማሰባሰብ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ከሦስተኛው ስብሰባ በኋላም እንዲመጡ ማድረግ ነው። እኔ እንደማየው ቡድን የሚፈርሰው በእውቀት ማነስ ሳይሆን ገና ሲጀመር በሚሠሩ ስህተቶች ነው። ዋና ዋናዎቹ እነሆ።

ከመወድስ መጀመር

በመጀመሪያው ስብሰባ አንዱ ተነሥቶ «የራሳችንን ማኅበራዊ ሚዲያ እንሥራ» ይላል። ሌላው «ለሆስፒታሎች ሁሉ የሚሆን ሲስተም» ይላል። ይጨበጨባል፣ ስም ይወጣል፣ ሎጎ ይሠራል፤ ኮድ ግን የለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና በዚያው ልናገር፦ ዋሸራ ወይም ዲማ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ኋላ ይመጣል።

የእናንተ ጉባኤ ቃና የቀን መቀየሪያ ልትሆን ትችላለች፤ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ፣ ከፈረንጅ ወደ ኢትዮጵያ። ቀላል ትመስላለች፤ ጉዷ የሚታየው ሲገቡባት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። 2015 እንዲያ ያለ ዓመት ስለነበር መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12፣ 2023 ነው። በዚያው ዓመት ገናም ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ 28 ላይ ዋለ። ይህን የማያውቅ ኮድ ሦስት ዓመት በትክክል ሠርቶ በአራተኛው ይስታል።

ሥራውም ለሁሉም ይዳረሳል። አንዱ ኮዱን ይጽፋል፣ አንዷ ኮዱ ጳጉሜን 6ን አለመሳቱን የሚፈትሽ ቴስት ትጽፋለች፣ ገና ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመረው ደግሞ ከግድግዳ ካላንደር ቀን እያየ መልሱን ያመሳክራል። «ይሄማ ተሠርቷል» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ያሉትን አውርዳችሁ በራሳችሁ ቴስት ፈትኗቸው። ስህተት ካገኛችሁ አርማችሁ ላኩላቸው፤ የቡድኑ የመጀመሪያ ፑል ሪኩዌስት (ያሻሻልነውን ኮድ ተቀበሉን የሚል ጥያቄ) ከዚህ ሊወጣ ይችላል። ቀን ካልማረካችሁ «ፀሐይ» ብሎ ለሚፈልግ «ጸሀይ»ንም የሚያመጣ የአማርኛ ፍለጋ ሞክሩ። ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ ላይ ማየት ብቻ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል።

ቴሌግራም ግሩፑን ፕሮጀክት አድርጎ ማየት

ግሩፑ በሰላምታ፣ በበዓል መልእክትና «ፓይተን ይሻላል ወይስ ጃቫስክሪፕት?» በሚል ክርክር ይሞላል። ክርክሩን ማንም አሸንፎት አያውቅም። ይልቅ የሚያስቸግረው የጥያቄው አቀራረብ ነው፦ በስልክ የተነሣ የስክሪን ፎቶ፣ ያውም ተንጋዶ፣ የኤረሩ የመጨረሻ መስመር ተቆርጦ፣ ከሥሩ «አልሠራ አለኝ»። በፓይተን ደግሞ ዋናው ነገር ያለው እዚያ በተቆረጠው መስመር ላይ ነው! ምን ለመሥራት እንደተሞከረ፣ ምን እንደተጠበቀ፣ ሙሉው ኤረር በጽሑፍ፣ ከነኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ስምና ቨርዥን ይጻፍ። ይህን ግሩፑ አናት ላይ ፒን አድርጉት።

ውሳኔ ግን ቴሌግራም ላይ አይቅር። «ቀኑን በዚህ ፎርማት እንቀበል» ከተባለ ሪፖዚተሪው (የፕሮጀክቱ ኮድ ከነታሪኩ የሚቀመጥበት ማኅደር) ውስጥ ይጻፍ። ያለዚያ ከወር በኋላ የመጣ ሰው ያንኑ ክርክር እንደ አዲስ ይጀምረዋል።

ኔትወርክ አለ ብሎ መነሣት

መብራት ወይም ኔትወርክ የሌለበት ቀን እንዳለ እያወቅን ስብሰባውን «ሁላችሁም አሁን አውርዱ» ብለን እንከፍታለን። ግማሹ ሰዓት በመጠበቅ ያልቃል።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን፣ የኮድ ለውጥ የሚመዘግበውን ፕሮግራም፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ለሊኑክስ ከርነል (ለሲስተሙ እምብርት) ነበር። አሠራሩ እያንዳንዱ ሰው የሥራውን ሙሉ ታሪክ በራሱ ማሽን እንዲይዝ ነው፤ ኮሚት ለማድረግ (ለውጡን ለመመዝገብ) ኢንተርኔት አያስፈልግም። ብዙ ሰው የማይጠቀምበት «ባንድል» የሚባል ትእዛዝም አለው። ሪፖዚተሪውን ከነታሪኩ ወደ አንድ ፋይል ይጠቀልለዋል። ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር የሄደ ሰው እዚያ ላሉት ይሰጣቸዋል፤ እነሱም ልክ ከጊትሃብ (ሪፖዚተሪዎች ከሚቀመጡበት ድረ ገጽ) እንደሚያደርጉት ክሎን ያደርጉታል፤ ማለትም ሙሉ ቅጂ ይወስዳሉ። ሲመለስ አዲሶቹን ኮሚቶች ብቻ በሌላ ባንድል ይዞ ይመጣል። ኔትወርክ ሲገኝ ሁሉም ጊትሃብ ላይ ይወጣል።

የኡቡንቱ (የአንድ ሊኑክስ ዓይነት) አይኤስኦ ማለትም መጫኛ ፋይል፣ የፓይተን ዶክመንቴሽንና የሚያስፈልጉት ፓኬጆችም ከስብሰባው በፊት አንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ይውረዱ። አይኤስኦው በትክክል መውረዱን በቼክሰም (የፋይሉን ሙሉነት በሚያሳይ መለያ ቁጥር) አረጋግጡ፤ የተቋረጠ ዳውንሎድ ሲጭኑት መሀል ላይ ሲቆም ጥፋተኛ የሚባለው ሊኑክስ ነው።

ላይሰንስ መርሳት

ኮድ ጊትሃብ ላይ ስለተለጠፈ ብቻ ኦፕን ሶርስ አይሆንም። ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ ጽሑፍ) ከሌለው መብቱ የጸሐፊው ነው፤ ሌላው አይቶት ያልፋል እንጂ ወስዶ ለመጠቀም ፈቃድ የለውም። ማንም እንደፈለገ ይጠቀምበት ካላችሁ ኤምአይቲ፣ አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሰው የራሱንም ኮድ ክፍት ያድርግ ካላችሁ ጂፒኤል የሚባለውን ላይሰንስ ምረጡ። ሰው ሳይበዛ በመጀመሪያው ቀን ወስኑት፤ በኋላ ለመቀየር ኮድ የጻፈውን ሁሉ ፈልጎ ማስፈቀድ ይመጣል።

ቁልፉን ለአንድ ተመራቂ መስጠት

የእኛ ከተሞች ቡድኖች አብዛኛው አባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሁሉን የሚያውቀው ልጅ ይመረቃል፣ አዲስ አበባ ሥራ ያገኛል፣ ሪፖዚተሪው በግል አካውንቱ ይቀራል። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ሥራ በዝቶበት ነው። ስለዚህ ከመነሻው ጊትሃብ ላይ የቡድኑን ኦርጋናይዜሽን (የጋራ አካውንት) ክፈቱ። ቢያንስ ሦስት ሰው ባለቤት ይሁን፤ አንዱ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ አንዱ ደግሞ ነዋሪነቱ እዚያው ከተማ የሆነ ሠራተኛ።

ሪድሚውንም (ፕሮጀክቱ እንዴት እንደሚነሣ የሚገልጸውን ፋይል) ፈትኑት። ፕሮጀክቱን አይቶ ለማያውቅ ሰው ላፕቶፕ ስጡትና ሪድሚውን ብቻ እያነበበ ያስነሣው። እናንተ ዝም በሉ። የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ያልተጻፈ ነገር ነው፤ እዚያው ጻፉት።

በይሉኝታ ማለፍ

ጀማሪ ላይ መሳቅ ነውር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብዙም የማይወራው ተቃራኒው ነው። ቡድኑ ውስጥ መምህር ወይም ታላቅ ሰው ካለ የእሱን ኮድ ማንም አያርመውም። «ጋሼ ያመጡት ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ስህተቱ ግን ታላቅ ታናሽ አይልም። ስለዚህ ሪፖዚተሪው ላይ ዋናውን ብራንች (ዋናው ኮድ ያለበትን መስመር) ዝጉት፤ የማንም ኮድ፣ የመሪውም ቢሆን፣ ሌላ ሰው አይቶ ሳያጸድቀው አይግባ። ጊትሃብ ይህን በሴቲንግ ያስገድድላችኋል፤ ማንም ማንንም ፊት ለፊት መናገር አይጠበቅበትም። መምህሩ ደግሞ የመጀመሪያውን ፑል ሪኩዌስታቸውን ሲያቀርቡ «ይህን አንቺ እይልኝ» ብለው ከሁሉ ለታናሿ ይስጡ።